ካሜራውን ከመሳቢያ ስናወጣው



ባለፈው ጥቅምት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። ልጃቸው ከትምህርት ቤታችን ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ የወጣችው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ አሁን አዲስ አበባ ሆና ትማራለች። እናትየው ወንበር ስሰጣቸው ጫፉ ላይ ተቀመጡና፣ «ዳይሬክተር፣ ብዙ አላስቸግርዎትም» አሉኝ። «የምስክር ወረቀት የሰጣችኋቸው ቀን አባቷ ከጋላፊ ሲመጣ መኪናውን አቁሞ በቀጥታ ወደዚህ ነበር የመጣው። ከልጁ ጋር ፎቶ ተነስተዋል፤ እርስዎ ነዎት ያነሷቸው። ያቺን ፎቶ ፈልጌ ነው።» አባትየው ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ፎቶው የለንም። ያነሳሁትም ያጠፋሁትም እኔው ነኝ። እንዴት እንደጠፋ፣ ከዚያ በኋላ ካሜራዎቹን ለምን መሳቢያ ውስጥ እንደቆለፍኩባቸው፣ ዘንድሮ ደግሞ ለምን እንደገና ካሜራ እንደያዝን ልንገራችሁ። ነገሩን ስናጠናው ለተማሪም ለወላጅም የሚጠቅም ብዙ ነገር ተምረንበታል።

በ2011 ሰኔ ትምህርት ቤቱ ሁለት ትናንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ነበሩት፤ ዓይነታቸው አንድ ነው። አንዱን እኔ ይዤ መድረኩ አጠገብ ቆምኩ፤ ሁለተኛውን የስፖርት መምህራችን ይዘው ግቢውን ዞሩ። ማታ የእኔን ካርድ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትኩና «ምረቃ 2011» ብዬ በሰየምኩት ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩ። ቀጥዬ የመምህሩን ካርድ እዚያው ፎልደር ውስጥ ለመገልበጥ ስሞክር ኮምፒዩተሩ በፈረንሳይኛ ጥያቄ አቀረበልኝ። ደክሞኛል፤ «ልጨምራቸው ወይ?» የሚለኝ መስሎኝ «አዎ» አልኩት። የጠየቀኝ ግን «በእነዚህ ልተካቸው ወይ?» ብሎ ነበር። ለማግሥቱ ዝግጅት እንዲሆኑ ብዬም ሁለቱንም ካርዶች ፎርማት አደረግኋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ፎልደሩን ስከፍት የመምህሩ ፎቶዎች፣ ማለትም ወንበሮች፣ ኬክ፣ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች፣ ሁሉም አሉ። የእኔ የሉም።

ያን ጊዜ ያበደ ኮምፒዩተር ነበር ያልኩት። ምክንያቱን በደንብ የተረዳሁት ዘንድሮ ነው። የካሜራ አምራቾች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የአንዱ ካሜራ ካርድ በሌላውም መሣሪያ እንዲነበብ በአንድ ሥርዓት ተስማሙ። በሥርዓቱ መሠረት ካርዱ ላይ «ዲሲም» የሚባል ፎልደር ይኖራል፤ በውስጡ ከ100 እስከ 999 ቁጥር የተሰጣቸው ፎልደሮች ይኖራሉ፤ እያንዳንዱ ፎቶ ደግሞ አራት ፊደልና አራት አኃዝ ያለው ስም ይሰጠዋል። ስሙ ስምንት ምልክት ብቻ የሆነው የድሮ ኮምፒዩተሮች ከስምንት በላይ መቀበል ስለማይችሉ ነበር፤ ልማዱ እስከ ዛሬ ዘልቋል። ቁጥሩ ከ0001 ይነሳል፣ 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። እንግዲህ ካሜራው ለፎቶ ስም ሰጠው የምንለው በእርግጥ ስም አይደለም፤ ባንክ ቤት በር ላይ እንደምንቀበለው የወረፋ ቁጥር ነው። ሁለት ባንኮች ለሁለት ሰዎች 47 ቁጥርን ቢሰጡ አያስደንቅም። ሁለት አንድ ዓይነት ካሜራዎችም በአንድ ቀን ሁለቱም «0047» የሚባል ፎቶ ያነሳሉ፤ አንድ ፎልደር ውስጥ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይውጠዋል።

የበለጠ የቆጨኝ ሌላ ነው። ካርድ ፎርማት ሲደረግ ፎቶዎቹ ወዲያው አይፋቁም። የሚፋቀው ማውጫው ነው፤ ከመጽሐፍ ላይ የመጀመሪያውን የማውጫ ገጽ እንደ መቅደድ ማለት ነው። ምዕራፎቹ እዚያው ናቸው። አዲስ ፎቶ እላያቸው ላይ እስካልተጻፈባቸው ድረስ ለዚህ በተሠሩ ፕሮግራሞች ብዙዎቹን መልሶ ማግኘት ይቻላል። ስለዚህ ፎቶ በስሕተት ያጠፋችሁ ልጆች፣ ስልክም ይሁን ካሜራ፣ ካርዱን ወዲያውኑ አውጡትና አንድም ፎቶ አታንሱበት። እኔ በማግሥቱ በእነዚያው ካርዶች የመዋዕለ ሕፃናቱን ዝግጅት አነሳሁባቸው።

ከዚያ በኋላ ካሜራዎቹን ቆለፍኩባቸው። ለነገሩ ቅያሜው የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም። የባትሪ ድንጋይ ሃያ ፎቶ ሳያነሳ ያልቃል፤ ቁልፉን ስትጫነው ልጁ ፈገግ ብሎ ነበር፣ ፎቶው ሲወጣ ግን ዓይኑን ጨፍኗል፤ ቀኑ ትክክል አይደለም፤ ሜኑው በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ እንጂ በአማርኛ አይደለም። «ሰው ሁሉ ስልክ አለው፣ በስልክ እናንሳ» አልኩና ተገላገልኩ።

ሳይታወቀን ስድስት ዓመት በስልክ አነሳን። እውነቱን ለመናገር የዛሬ ስልክ ካሜራ ከእነዚያ አሮጌ ካሜራዎች ይሻላል፤ ስልኩን አልወቅስም። ችግሩ ፎቶዎቹ የማን እንደሆኑ አለመታወቁ ነው። የበዓሉን ፎቶ አስር መምህራንና ከእነሱ የሚበልጡ ወላጆች ያነሱታል፤ መጽሔት ሊዘጋጅ ሲል ከአንዱ አንዱን እንለምናለን። አንዷ መምህርት ስልካቸውን ቀይረዋል፣ የአንዱ ስልክ ባሕር ገብቷል፣ አንዱ ቤተሰብ ተዛውሯል። እዚህ ጅቡቲ ያለን ሰዎች ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ አብዛኞቻችን የኮንትራት ሰዎች ነን። የወደቡ፣ የትራንዚቱ፣ የነፃ የንግድ ቀጠናው ሥራ ያመጣናል፣ ሥራው ሲያልቅም ይወስደናል። መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ የነበረ ልጅ ሰኔ ላይ ሐዋሳ ወይም ዱባይ ነው። እዚህ መማሩን የሚያስታውስለት ይህ መጽሔት ነው።

የተላኩልንም ፎቶዎች ለኅትመት አልሆኑም። ማተሚያ ቤቱ «ትንሽ ናቸው» ሲለን አልገባንም ነበር፤ ስልክ ላይ ሲታዩ ግልጥ ያሉ ናቸዋ! ነገሩ ሒሳብ ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ይፈልጋል። አንድ ኤ4 ገጽ ለመሙላት 2480 በ3508 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ሲባዛ 8.7 ሚሊዮን ገደማ ነው። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን በተለመደው መንገድ ሲልክ እንዲቀል ብሎ ያሳንሰዋል፤ ለረጅም ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ሲያወርደው ኖሯል። 1280ን ለ300 ስናካፍለው 4.3 ኢንች ይሆናል፤ 11 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ያንን ጎትተን ሙሉ ገጽ ስናደርገው የልጆቹ ፊት ውሃ የነካው ወረቀት መሰለ። በዚያ ላይ ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚናገረው በውስጡ የተጻፈ መረጃ በዚያ መንገድ ሲላክ ይጠፋል። ፎቶውን «ፋይል» ብሎ መላክ ሁለቱንም ችግር ያስወግዳል። ይህን ለስንት ሰው እንደነገርኩ አልቆጥረውም።

እናትየው ከሄዱ በኋላ ሳምንት ሙሉ ነገሩ አልወጣልህ አለኝ። አንድ ቀን በመምህራን ስብሰባ ላይ አነሳሁት፤ ትምህርት ቤቱ አንድ የራሱ ካሜራ፣ አንድ የራሱ ካርድ፣ አንድ የታወቀ ቦታ እንዲኖረው። አንድ በነፃ ቀጠናው መጋዘን የሚሠሩ አባት ይህን ሰምተው፣ ከዛሬ 17 ዓመት ገደማ የገዙትን ካሜራ ከነቻርጀሩ ይዘውልን መጡ። «እኔም ተናድጄበት ነው የተውኩት» አሉ እየሳቁ። ዘጠኝ ተማሪዎች ያሉበት የፎቶ ክበብ አቋቋምን።

ተማሪዎቹ እንደነገሩኝ ደግሞ በሌላው ዓለም ያሉ እኩዮቻቸው የወላጆቻቸውን አሮጌ ካሜራ ከመሳቢያ ማውጣት ጀምረዋል። ከገበያው ውድቀት አንጻር ሲታይ ይገርማል፤ የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር አባል ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ ዲጂታል ካሜራ ለገበያ አቅርበው ነበር፤ በ2023 ቁጥሩ ከ8 ሚሊዮን በታች ነው።

ብስጭቱ ግን ከካሜራ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን እ.ኤ.አ. በ1975 የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 3.6 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል ካሴት ላይ ለመጻፍ 23 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ምስሉም 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ነበረው። ከዚያም በፊት፣ በእኛው አካባቢ፣ ፈረንሳይኛ መምህራችሁ ስሙን የሚያነሱላችሁ ባለቅኔ አርተር ራምቦ አለ። ግጥም መጻፉን ትቶ በንግድ ሥራ ላይ ሳለ ካሜራ ከሊዮን ከተማ አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር ላይ ራሱን አንስቶ ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ፣ ፎቶዎቹን ያጠበበት ውሃ መጥፎ በመሆኑ ነጭተው እንደወጡ ጻፈላቸው። በ1885 ካሜራውን ሸጠው። በቀጣዩ ዓመት እዚሁ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ታጁራ ላይ ወደ ሸዋ የሚሄድ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ወራት ሲጠብቅ ካሜራ አልነበረውም። ታጁራን በዚያ ዘመን በእሱ ዓይን ለማየት ምን ባልሰጠሁ! እኔም ከእሱ አልተሻልኩም።

ወደ ክበባችን ልመለስ። መጀመሪያ የጣለን ሰዓቱ ነው። ካሜራው ሲከፈት ቀንና ሰዓት ሙሉልኝ ይላል። አንድ ታታሪ ልጃችን ትክክለኛውን ሞላለት፤ 2017 ዓመት፣ ኅዳር 3ኛ ወር ስለሆነ 3፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 1:30። ለእኛ ትክክል ነው። ኮምፒዩተሩ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቦ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፋችንን ከስምንት ዓመት በፊት በመጋቢት ወር ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የተደረገ አድርጎ መዘገበው። ፎቶዎቹን በቀን ቅደም ተከተል ስናስቀምጣቸው ሰልፉ የክበቡ ልጆች ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የሆነ ነገር መሰለ።

ካሜራው የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። 13ኛ ወር ብትሉት እምቢ ይላል፤ ጳጉሜን 3 የተነሳ ፎቶ ለእሱ የለም። ስለዚህ እንዲህ ተስማማን፤ ካሜራው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ይሞላ፣ ከተሞች ዝርዝር ውስጥ ናይሮቢ ይመረጥ፤ የናይሮቢ ሰዓት ከጅቡቲም ከአዲስ አበባም ጋር አንድ ነውና። ፎልደሩ ግን የእኛ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለን እንሰይመዋለን። ዓመቱ የሚቀድመው ኮምፒዩተሩ ስሞችን በቁጥር ሲደረድር ጊዜውም አብሮ እንዲደረደር ነው። «2017-13-03» ብላችሁ ፎልደር ብትሰይሙ ኮምፒዩተሩ አንዳች አይልም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት መሆኑን ልጆቹ አሁን ካርድ ይዘው ሳያስቡ ይናገራሉ፤ የሒሳብ መምህራቸው ደስ ብሏቸዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ካሜራው ለብዙ ጊዜ ያለ ባትሪ ከተቀመጠ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሿ ውስጣዊ ባትሪ ትደክምና ቀኑ ወደ መነሻው ይመለሳል። ካሜራ ባነሳችሁ ቁጥር መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

ባትሪንና ካርድን ቶሎ ልለፋቸው። ተራ የሱቅ ድንጋይ ካሜራ ውስጥ ቶሎ «አለቀ» የሚባለው ፈጽሞ አልቆ አይደለም። ካሜራው ሌንሱን ሲያንቀሳቅስና ፍላሽ ሲሞላ ብዙ ኃይል በአንዴ ይጠይቃል፤ ድንጋዩ ያንን መስጠት ሲያቅተው ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ካሜራውም አልቋል ይላል። ያንኑ ድንጋይ የግድግዳ ሰዓት ላይ አድርጉት፤ ወራት ይሠራል። በቻርጀር የሚሞላው የኒኬል ድንጋይ፣ 1.2 ቮልት ብቻ ቢሆንም፣ ኃይሉን በአንዴ መስጠት ስለሚችል ካሜራ ላይ ይበልጣል። ካርድም እንዲሁ፤ 64 ጊጋባይት ገዝተን ካሜራው አላወቀውም። የዚያ ዘመን ካሜራ የሚያነበው እስከ 32 ድረስ ነው፤ ከ2 በላይ የማያነቡ የባሰ ያረጁም አሉ። ካርዱ ጎን ላይ ያለችው ትንሽ መንሸራተቻ ወደ ታች ከወረደች ደግሞ ካሜራው «ተቆልፏል» ይላል። በዚህች መንሸራተቻ ምክንያት በ2009 አንድ ደህና ካርድ ተበላሸ ብለን ጥለናል።

የፎቶው መዘግየት እንዲህ ነው። የእነዚያ ካሜራዎች ሌንስ ምስሉ የሚጠራበትን ቦታ የሚያገኘው ወደፊትና ወደኋላ እየሄደ በመፈለግ ነው። ቁልፉን እስከ መጨረሻው በአንዴ ስትጫኑት ፍለጋው ያኔ ይጀምራል፤ እስኪያገኝ ድረስ ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። መፍትሔው ቁልፉን እስከ ግማሽ ብቻ መጫን ነው። ፍለጋው ያልቅና አረንጓዴ ምልክት ይበራል። ጣታችሁን ሳታነሱ ጠብቁ፤ ልጁ ሲስቅ ቀሪውን ጫኑ። ይህ ነገር ከካሜራው ጋር በመጣው ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልከፈትኩትም፤ መምህር ሆኜ ስናገረው ያሳፍራል።

ብዙ የደከምንበት ብርሃን ነው። ግቢያችንን ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳው ነጭ ቀለም ነው፣ ፀሐዩ የጅቡቲ ፀሐይ ነው። ልጆቹን ግድግዳው አጠገብ አቁመን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ስናነሳ ግድግዳው ግራጫ፣ ልጆቹ ጥላ ሆነው ይወጣሉ። ለዓመታት የካሜራው ድክመት ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ ካሜራው የት እንዳለ፣ ፊት ለፊቱ ምን እንደቆመ አያውቅም። የሚያየው ሁሉ ቢደባለቅ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል። ነጭ ግድግዳ ሲያይ «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ይቀንሳል፤ ጠይም ፊት ደግሞ በዚያ ቅነሳ የበለጠ ይጨልማል። ነጠላ የለበሱ እናቶች ፎቶም እንዲሁ የሚበላሸው በዚሁ ነው። በነገራችን ላይ በፊልም ዘመን አሜሪካ ውስጥ የማተሚያ ማሽኖች ቀለም ይስተካከል የነበረው «ሸርሊ» በሚባል፣ የነጭ ሴት ምስል ባለበት ካርድ ነው፤ የእኛ ዓይነት መልክ ያን ጊዜ በስሌቱ ውስጥ ብዙም አልነበረም።

ካሜራው ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንድ ላይ የተጻፈባት ቁልፍ አለች። አብዛኛው ሰው ዕድሜ ልኩን አይነካትም። እሷን ወደ መደመር 1 ስትወስዷት ብርሃኑ እጥፍ ይሆናል፤ 2 ላይ አራት እጥፍ። ለነጩ ግድግዳችን መደመር 1 በቂ ሆኖ አገኘነው። ከዚህም የሚቀለው ልጆቹን ወደ በረንዳው ጥላ መውሰድ ነው። ሌላም አስቂኝ ዘዴ አለ፤ ብዙ ትናንሽ ካሜራዎች «በረዶ» የሚባል ምርጫ አላቸው፤ የሚሠራው ያንኑ መደመር ነው። በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆቻችን አሳል ሐይቅ ሄደን፣ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ጨው መካከል ቆመው «በረዶ»ን መረጡ። ፊታቸው ጥርት ብሎ ወጣ።

ሙቀቱን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኤሲ ካለበት ክፍል ካሜራ ይዛችሁ ስትወጡ ሌንሱ ላብ ያልበዋል፤ የቀዘቀዘ መስተዋት የውጪውን እርጥበት ይስባል። በጨርቅ መጥረግ አይረዳም፣ ውስጥም ይገባል። ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራውን በላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ ይዛችሁት ውጡ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ሙቀቱን ሲለምድ እርጥበቱ ከረጢቱ ላይ ይቀራል። መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ።

በመጋቢት ክበቡን ይዘን ወደ ነፃ የንግድ ቀጠናው ሄድን። ከተማችን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚሠራ ነፃ ቀጠና ነበር፤ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ 4,800 ሄክታር እንዲሸፍን የታቀደው ዓለም አቀፉ ነፃ የንግድ ቀጠና የመጀመሪያ ክፍል ተመረቀ። ነፃ ቀጠና ማለት ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት ገብቶ የሚቀመጥበት፣ የሚታሸግበት፣ የሚገጣጠምበትና ወደ ሌላ አገር የሚላክበት ቦታ ነው። ከዚያ የሚወጣው ዕቃ ብዙው ወደ አገራችን ይሄዳል። የብዙ ተማሪዎቻችን የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚያው ሥራ ይወጣል። ልጆቹ ግን አባቶቻቸውና እናቶቻቸው የሚሠሩበትን አይተው አያውቁም ነበር።

እዚህ አገር ወደብ፣ አየር ማረፊያና የጦር ሰፈር ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም። ከሁለት ሳምንት በፊት ደብዳቤ ጽፈን ከአንድ ድርጅት በመጋዘኑ ውስጥ ብቻ ለማንሳት ፈቃድ አገኘን። በር ላይ የነበሩት ዘበኛ በኪሳችን ያለውን ስልክ ሁሉ አልፈው ያቺን አሮጌ ካሜራ ያዙ። ሶማልኛ የሚችል አንድ ተማሪያችን አስረዳቸው። ደብዳቤውን አንብበው፣ መጋዘኑ በር እስክንደርስ ካሜራው ከቦርሳ እንዳይወጣ አዘዙን። ቅር አላለኝም። ካሜራ የያዘ ሰው ፎቶ ሊያነሳ እንደመጣ ለሁሉም ግልጥ ነው፤ የሚነሳውም ሰው አይሆንም ለማለት ዕድል ያገኛል። ስልክ ይህንን ዕድል አይሰጥም።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው፤ ትልቁ በር ተከፍቶ የውጪው ብርሃን ከሠራተኞቹ ጀርባ ይገባል። ልጆቹ ሳልነግራቸው መደመሯን ነኩ። አንዱ ልጅ አባቱን አገኛቸው፤ የካርቶን ቁጥር እየመዘገቡ ነበር። አባትየው ካሜራውን ሲያዩ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና፣ «ቆይ ልታጠብ፣ እንዲህ ሆኜ?» አሉ። «አባዬ፣ እንዳለህ ሁን» አላቸው። ቁልፉን እስከ ግማሽ ጫነና ጠበቀ። አባትየው ወደ መዝገባቸው እስኪመለሱ ድረስ ጠበቀ። ያ ፎቶ በዚህ መጽሔት መካከለኛ ገጽ ላይ አለ፤ ሙሉ ገጽ ነው፣ አልተጎተተም።

አሁን አሠራራችን እንዲህ ሆኗል። ከእያንዳንዱ ዝግጅት በኋላ ሁለት ልጆች አብረው ይገለብጣሉ፤ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያያል። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱ ፎልደር ይከፈታል። ኮምፒዩተሩ «ልተካ ወይ?» ካለ እጅ ከመዳፊቱ ላይ ይነሳል፣ መምህር ይጠራል። በሁለተኛ ዲስክ ላይ ከተገለበጠና ፎቶዎቹ ከተቆጠሩ በኋላ ነው ካርዱ ፎርማት የሚደረገው። አንዱ ዲስክ ቢሮዬ፣ ሁለተኛው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ካሜራው አሁንም ያናድዳል። ሜኑው አሁንም በፈረንሳይኛ ነው፤ በግንቦት አንድ ቀን ሙሉ «ቪዲዮ» ላይ ተጣብቆ አስቀርቶናል። ግን የሚያናድደን ነገር ምን እንደሆነ እናውቀዋለን።

አንድ ልመና አለኝ። በሰኔ 2011 የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት አሰጣጥ ላይ የነበራችሁ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ በዚያን ቀን በስልካችሁ ያነሳችሁት ነገር ካለ፣ የደበዘዘም፣ የተቆረጠም ቢሆን፣ ስልኩም ስክሪኑ የተሰበረ አሮጌ ቢሆን፣ ይዛችሁልን ኑ፤ ከሩቅ ያላችሁ «ፋይል» ብላችሁ ላኩልን። የምፈልጋቸው ሰው ከመድረኩ በስተግራ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሰው፣ የመኪናቸውን ቁልፍ በእጃቸው እንደያዙ ነበር የቆሙት። ከልጃቸው ጋር ያነሳኋቸው እዚያ ነው። ከሌላ ሰው ፎቶ ጀርባ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ። ክረምቱን ሙሉ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ አለሁ።